በአራት ዓመት አራት ሥራ

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በዕድሜያቸው ብዙ ተብለዋል። ነገረኛ ተብለዋል፤ ምላሰኛ ተብለዋል፤ ባላቸው በተቀበሩ ማግሥት ገብስ ሲያበጥሩ ተገኝተው «ይቺ ሴት እንባ አልፈጠረባትም» ተብለዋል። ሁሉንም ሰምተው አሳልፈዋል፤ ከተባለው ውስጥ ጥቂቱ እውነት እንደነበረም ያውቃሉ። ውሸታም ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። አምና ያ ቀረ። ከከተማ የመጣ አንድ የጥናት ተቆጣጣሪ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ፣ «ግባ» ቢሉት ሳይገባ፣ «እናቴ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ሥራ ነግረውናል። የትኛው ነው እውነቱ?» አላቸው።

«አራቱም!» ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውየው ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ነበር። መልሱ ጉሮሯቸው ላይ እንደተሰነቀረ ዓመት ሞላው።

ዘንድሮ በጥር መጨረሻ፣ ከሞላሌ ገበያ ሲመለሱ፣ ጀርባቸው ላይ ትልቅ ጥቅል አዝለው ነበር። በጥቅሉ ያለው የገዛ እጃቸው ፈትል ነው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከልጅነታቸው ጀምሮ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ፈትሉን ሸማኔው አቶ ጌጡ እየወሰዱ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ይሠሩበት ነበር። ፈትል ሊወስዱ የሚመጡ ቀን አቶ ጌጡ መደብ ላይ ተቀምጠው «ይኼ ደግሞ ፈትል ነው ገመድ?» ይላሉ፤ ወይዘሮዋም «ዓይንህ ስለደከመ ነው፤ እጄ አልወፈረ» ይላሉ። እንዲህ ሲሰዳደቡ ይመሻል። በዚያ ቤት ከባለቤቲቱ ሌላ የሰው ድምፅ የሚሰማው ያን ቀን ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የአቶ ጌጡን ደረት ብርድ በላውና ልጃቸው መጥቶ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወሰዳቸው። ሌላ ሸማኔ ይገኝ እንደሆነ ብለው ወይዘሮዋ ሞላሌ ቢወርዱ፣ «እማማ፣ ዛሬ ማን ባና ይለብሳል? ብርድ ልብሱ ከፋብሪካ ታጥፎ ይመጣል» ብለው የገበያው ሰዎች መለሷቸው።

ከክረምት ወዲህ እንዝርት አልነኩም። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ማን ጠይቋቸው ይናገሩ? ከተማ ያሉት ልጆቻቸው ስልክ ይደውላሉ። «እማ፣ ደኅና ነሽ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። መስመሩ ይዘጋል።

አቀበቱን ጨርሰው ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታበት ቦታ ሲደርሱ አንዲት ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አዩ። በትከሻዋ ቦርሳ አንግታለች፤ ጆሮዋን በሻርፕ ሸፍናለች። መኪናው ከዚህ በላይ አልሄድም ብሎ ያወረዳት መሆኑ ከፊቷ ይነበባል።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አለች ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንደምን ዋልሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«ሳሌም እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት።»

«ከየት መጣሽ አላልኩሽም። የማን ልጅ ነሽ ነው ያልኩሽ።»

ወጣቷ ሳቀች። «የመምህር ፍቅረ ሥላሴ ልጅ ነኝ። አባቴ የዚሁ የመንዝ፣ የቀየት ሰው ነው።»

«እንደሱ በይ እንጂ! የቀየት ሰው ልጅ ሆነሽ ነው በጥር ነፋስ እንደዚህ ስስ ጨርቅ ለብሰሽ የምትወጪ? አባትሽ አላስተማረሽም?»

«አስተምሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። እስቲ ጥቅሉን ልያዝልዎ።»

«አሮጊት መስዬሽ ነው?»

«አይደለም እማማ፣ ሸክም ያሞቃል ብዬ ነው።»

መልሱ ደስ አላቸው። ጥቅሉን አውርደው አሸከሟት፤ ልጅቱ ከክብደቱ የተነሣ ጎንበስ ስትል አይተውም «አሁን ትሞቂያለሽ» አሉ።

መንገዱን ቀጠሉ። ሳሌም ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ወዳለው መንደር ነው የምሄደው። በየዓመቱ እየመጣ ስለ ሰው ኑሮና ሥራ የሚጠይቅ ጥናት አለ አይደል...» ብላ ስትጀምር ወይዘሮዋ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እነዚያ ሌቦች!»

«ምን ሰረቁ እማማ?»

«ስሜን ነዋ! ስሚ ልንገርሽ። መጀመሪያ የመጣው ልጅ ‹ባለፉት ሰባት ቀናት ብዙ ጊዜ የፈጀብዎ ሥራ ምንድን ነው?› አለኝ። ጊዜው የአጨዳ ነበር፤ ገብስ ሳነሣ ነው የከረምኩ አልኩት። ገበሬ ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ሌላው መጣ። ያኔ የፋሲካ ሳምንት ነው። ከትንሣኤ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ እዚህ አገር ለሥራ እጅ አይዘረጋም። ‹በሰባቱ ቀናት ምን ሠሩ?› ሲለኝ ምን ልበለው? በበዓል ሠራሁ ብዬ ራሴን ላዋርድ? ምንም አልሠራሁም አልኩት። ሥራ ፈት ብሎ ጻፈኝ! እኔን! በሦስተኛው ዓመት የመጣችው ሴት ያገኘችኝ ከገበያ ስመለስ ነው፤ ጠጉርና ዕንቁላል ሽጬ መጣሁ አልኳት፤ ነጋዴ አደረገችኝ። በአራተኛው እንዝርት በእጄ ይዤ አገኙኝ፤ ፈታይ አሉኝ። ከዚያ አለቃቸው መጣና ‹የትኛው ነው እውነቱ?› አለኝ። እኔ ከዚያች ጎጆ ወጥቼ አላውቅም! ሥራዬም ያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እፈትላለሁ፣ በመሐል ገብስ አለ፣ በመሐል ገበያ አለ፣ በመሐል በዓል አለ። አንቺስ እነዚህን ሰዎች ከየት ታውቂያቸዋለሽ?»

«ከእነሱ ነኝ እማማ።»

ወይዘሮዋ ወደ ጥቅሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሸክሜን መልሺ» አሉ ወይዘሮዋ። ሳሌም ልታወርድ ስትል ደግሞ፣ «ተይው፣ ተሸከሚው። እንኳን ይህን፣ ተራራውን ብትሸከሙ አይበዛባችሁም» አሉ።

ልጅቱም በመገረም፣ «እርስዎ ነዎታ ወይዘሮ ወሰንየለሽ! የተላክሁት ወደ እርስዎ ቤት ነው» አለች። ቀጥላም የማይቀረውን ነገር ሳትሸሽግ ተናገረች። መልሳቸው ከዓመት ዓመት የሚጋጭ ቤቶች ዘንድሮ ነገራቸው ካልጠራ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ከእንግዲህም ማንም አይመጣባቸውም።

«ይውጣ! ማን ለመናችሁ?» አሉ ወይዘሮዋ ቶሎ ብለው።

አፋቸው ይህን ይበል እንጂ ልባቸው ሌላ ነበር። በዓመት አንድ ቀን የማያውቁት ሰው መጥቶ፣ ከፊታቸው ተቀምጦ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንዳመማቸው እየጠየቀ መልሳቸውን ይጠብቃል። ተናደውም ቢሆን ያን ቀን ይናፍቁት ነበር። አቶ ጌጡ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ የቀራቸው ጠያቂ ይኸው ብቻ ነው። እሱም ሊቀር ነው።

ቤት ሲደርሱ እሳቱን አነቃቁና የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡላት። ጥቅሉን ራሳቸው ተቀብለው ጥግ አስቀመጡት፤ ጀርባቸውንም ሰጡት።

«በዪ እንግዲህ» አሉ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ዋሽቻለሁ ወይስ አልዋሸሁም?»

«አልዋሹም» አለች ሳሌም። «የጠየቁዎት ልጆችም አልዋሹም። ጥፋቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። እንደው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጋራ መሬታችሁ ጓሳ ተዘግቶ ከርሞ ሣር ለማጨድ በተከፈተበት ሳምንት መጥቼ ‹ባለፉት ሰባት ቀናት ምን ሠራችሁ?› ብል ሰዉ ምን ይለኛል?»

«ሣር ስናጭድ ከረምን ይልሻላ። ጤነኛ የሆነ ሰው ያን ጊዜ ሌላ ምን ይሠራል?»

«በዓመቱ ጓሳ ተዘግቶ እያለ ያንኑ ጥያቄ ብጠይቅስ?»

«አንድም ሣር አጫጅ አታገኚም።»

«ያኔ መዝገባችን የመንዝ ሣር አጫጆች በሙሉ ሥራ ለቀቁ ይላል።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ሳያስቡት ሳቁ። «አንድም ሰው ሳይለቅ!»

«አዎ። በእርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ጥያቄው ስለ አንድ ሳምንት ነው፤ እርስዎ የሚኖሩት ግን ዓመቱን ነው። ደግሞ እርስዎ ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ ጠያቂው ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል መርጦ ይጽፋል። ዘንድሮ አንዱ ‹ገበሬ›ን ይመርጣል፣ ከርሞ ሌላው ‹ነጋዴ›ን ይመርጣል። አምና ምን እንዳሉ የሚያውቅ ጠያቂ የለም፤ እያንዳንዱ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ሁሉም ሲደመር ‹የደጋው ሰው በአንድ ሥራ አይጸናም፣ በየዓመቱ ይቀያይራል› ይባላል።»

«ሰዉ ሳይሆን ጥያቄያችሁ ነዋ የሚቀያየር።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«እንዲህ ካወቃችሁት ለምን አታርሙትም? ማወቅማ እኔም አወቅሁት፤ ያውም ሳልማር።»

ሳሌም ከቆሎው ዘገነች። ከዚያም ዘንድሮ ሁለት ዓይነት አጠያየቅ እየተሞከረ መሆኑን ነገረቻቸው። በግማሹ ቤት ሰውየው አምና የተናገረው ቃል አስቀድሞ ይነበብለትና «ዛሬም እንደዚያው ነው?» ይባላል። በቀረው ቤት ግን ሰውየው መጀመሪያ በራሱ አፍ ይናገራል፤ የአምናው ቃል የሚነበብለት ከተናገረ በኋላ ነው። የትኛው ቤት በየትኛው እንደሚጠየቅ የለየው ዕጣ ነው። የእሳቸው ቤት የደረሰው አስቀድሞ ከሚነበብለት ወገን ነው።

ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«የገዛ ቃሌን መልሰሽ ልታነቢብኝ?»

«አዎ እማማ።»

«ቃሉ የሚነበብበት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባሌ በርስት ሲሟገት ዳኛ ፊት ቆሜ መስክሬያለሁ። የፊተኛውን ቃልሽን አንብቡላት የሚባለው የተጠረጠረ ምስክር ነው። ‹ያኔ እንዲህ ብለሻል፣ ዛሬ ምን ትያለሽ?› ይልሽና አፍሽን ሊይዝሽ ያደባል። አምና ደጄ ላይ ቆማችሁ ውሸታም አላችሁኝ፤ ዘንድሮ ቤቴ ገብታችሁ በችሎት ልታቆሙኝ?»

«እንደ ዳኛ አይመልከቱኝ።»

«እንደ ምን ልመልከትሽ ታዲያ?»

ሳሌም መልሱን ከተማረችው ውስጥ ፈልጋ አላገኘችውም። ከአባቷ ቤት ግን አገኘችው።

«እማማ፣ ዓመት የራቀ ዘመድ ሲመጣ ‹ላም አለሽ ወይ?› ብሎ ይጠይቅዎታል?»

«እንዴት አድርጎ! ላም እንዳለኝ እያወቀ? ‹ቡሬዋ ወለደች ወይ?› ነው የሚለኝ።»

«‹ላም አለሽ ወይ› የሚለውስ ማነው?»

«ባዳ ነው። ወይም ደግሞ ግብር ሰብሳቢ።»

«እኛ እስከ አሁን በየዓመቱ እንደ ባዳ ስንጠይቅዎ ኖረናል። አምና የነገሩንን አንዲት ቃል ሳናስታውስ ‹ሥራ አለዎት ወይ?› እያልን። አሁን ያሉትን ይዤ ብመጣ እርስዎን ለመያዝ አይደለም። ስላልረሳሁ ነው።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ እሳቱን ቆሰቆሱ። «ስላልረሳሁ ነው» የምትለው ቃል ያልጠበቁት ቦታ ገብታባቸዋለች። እውነትም፣ ከልጆቻቸው መካከል እንኳ «ባለፈው የነገርሽኝ ያ ነገር ምን ሆነ?» የሚል ማን አለ? ሰው አምና የተናገረውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ከተገኘ መቆጣት ሳይሆን ወንበር ማቅረብ ነው የሚገባው። ነገሩን እንዲህ ካገላበጡት በኋላ ለመሸነፍ አልከበዳቸውም፤ ተሸነፍኩ ማለት ብቻ ነው የከበዳቸው።

«አንቺ የቀየት ሰው ልጅ መሆንሽ አሁን ታወቀኝ። አንብቢ።»

ሳሌም ታብሌቷን ከቦርሳዋ አውጥታ አነበበች። «አምና በዚህ ጊዜ ‹የበግ ጠጉር ፈትዬ ለባና ሸማኔ እሰጣለሁ› ብለውን ነበር። ዛሬም ሥራዎ እንደዚያው ነው?»

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እንደ ዘመድ ነበር። ወይዘሮዋም ዘመድ «ደኅና ነሽ?» ሲላቸው እንደሚመልሱት ሁሉ መለሱ፤

«እንደዚያው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሳሌም ታብሌቷን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ፊቷም ፈካ። «ጨርሰናል እማማ! ስለ ሥራ ያለው አለቀ። የአምናውና የዘንድሮው አንድ ነው፤ ስምዎ ጠራ። ቤትዎም አይወጣም። ስለ ቤቱና ስለ ከብቱ የቀረውን ማታ ስመለስ እጠይቅዎታለሁ፤ አሁን ሳይመሽ ጎረቤትዎን ልድረስባቸው።»

«አለቀ?»

«አለቀ። አዩ፣ አዲሱ አጠያየቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ሰውን አያደክምም።»

ለቆሎው አመስግና ወጣች። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ቀን በአንዲት ቃል አልቆ ሄደ። ድሮ የሚያናድዷቸው ጠያቂዎች እንኳ እህል እስኪበላና ከብት እስኪገባ ይቀመጡ ነበር። ይቺ ጨዋ ልጅ ግን በቁም አሰናበተቻቸው። አይ፣ ያሰናበቱትስ እሳቸው ናቸው። «እንደዚያው ነው» ብለው በሩን የዘጉት ማን ሆኖ ነው? እንዝርቱ ከክረምት ወዲህ አልተነካም። ፈትሉ ከገበያ ተመልሶ ጥግ ቁጭ ብሏል። ውሸታም ተባልኩ ብለው ዓመት ሲቃጠሉ የከረሙት ወሰንየለሽ ዛሬ ዋሹ፤ ያውም እውነተኛ ተብለው ተመሰገኑበት። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ መረራቸው። የመጀመሪያው በግፍ ነው፤ ይህኛው በእጃቸው ነው።

ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ወጥተው አጥሩ ጋ ደረሱ። ልጅቱ ቁልቁል ወርዳለች።

«አንቺ! የፍቅረ ሥላሴ ልጅ! ነይ ተመለሺ!»

ሳሌም ደንግጣ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆኑ እማማ?»

«ዋሽቼሻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ! ከክረምት ወዲህ ፈትዬ አላውቅም። ትቼዋለሁ። አንቺ ‹እንደዚያው ነው?› አልሽኝ፤ እኔም ‹እንደዚያው ነው› አልኩሽ። ሰው ደኅና ነሽ ወይ ሲልሽ ደኅና ነኝ አይደለም የምትይው? ቆስለሽም እንደሆነ? ጥያቄሽ እንደ ሰላምታ መጣ፤ መልሴም እንደ ሰላምታ ሄደ። ጥያቄሽ ነው ያዋሸኝ!» ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ፣ «አይ፣ ግማሹ የእኔ ነው» አሉ።

ሳሌም አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ወይዘሮዋ ትቆጣኛለች ብለው የጠበቋት ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «ይህንን ነበር የምንፈራው» አለች። «የድሮው አጠያየቅ የሌለ ለውጥ ይፈጥራል። ይህኛው ደግሞ ያለውን ለውጥ ይደብቃል። ሰውየው ቢደክመው፣ ወይም ይሉኝታ ቢይዘው፣ ‹እንደዚያው ነው› ይልና ያልፋል። ሁለቱን አዲስ አጠያየቆች ጎን ለጎን የምንሞክረው ለዚህ ነው። ነገር ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እኔም ቶሎ ስላለቀ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።»

«ታዲያ የዚያኛው ወገን ዕጣ ለምን ለእኔ አልደረሰኝም?»

«ዕጣ ነው እማማ።»

«ዕጣችሁን ለጊዜው ተይውና ስሚኝ። ማንበቡን ጠልቼው ነበር፤ አሁን አልጠላሁትም። ያለእሱ ሥራ ፈት ታደርጉኛላችሁ፣ ነጋዴ ታደርጉኛላችሁ። ነገር ግን መልሱን አስቀድመሽ አታጉርሺኝ። መጀመሪያ በገዛ አፌ ልናገር። ከዚያ አምና ያልኩትን አንብቢልኝ። ከተለያየም ‹የተለወጠው ሥራዎ ነው ወይስ አነጋገርዎ?› በዪኝ። ያን ጊዜ ችሎት አይሆንም፤ ሰላምታም አይሆንም።»

«በሌላኛው ግማሽ ቤት የምንጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው» አለች ሳሌም። «የእርስዎን ቤት ግን ዕጣውን አልፌ ዝም ብዬ ልለውጠው አልችልም። የመጀመሪያውን መልስ እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። አለቆቼ ማየት ያለባቸው እሱን ነው።»

«ጻፊው። ወሰንየለሽ ዋሸች፣ መልሳ ተናገረች ብለሽ ጻፊ። አላፍርም።»

ነገሩ የአንዲት አሮጊት የክብር ጉዳይ ብቻ ቢመስል ስሕተት ነው። በበዓል ምክንያት እጁን ያጠፈ ሰውና በእርግጥ ሥራው የቀረበት ሰው በአንድ መዝገብ አንድ ላይ «ሥራ የለውም» ተብለው ከተጻፉ፣ የሚረዳ ቢመጣ እንኳ ማንን እንደሚረዳ አያውቅም። የማይለወጥ ነገር ተለወጠ ሲባል ከከረመ ደግሞ፣ እውነተኛው ለውጥ በመጣ ቀን የሚያምነው የለም። አንድ ሸማኔ ከደጋ ሲወርድ ከኋላው ስንት እንዝርት እንደሚቆም የሚታወቀው፣ ሰዉ ዓመቱን እንዲናገር ጊዜ ሲሰጠውና የአምናው ቃሉም ሳይረሳ ሲቀርብለት ነው። ያን ጊዜ እውነተኛው ሰው ውሸታም አይባልም፤ ጠያቂውም በከንቱ አይደክምም፤ አገርም ራሱን ያውቃል።

ሁለቱ ተመልሰው ገቡ። ሳሌም የጎረቤትን ነገር ለነገ አለችው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ሻርፗን ፈትታ፣ ደኅና አድርጋ ተቀመጠች።

«ከአምና ጥር እስከ ዘንድሮ ጥር ምን ምን ሲሠሩ ከረሙ? ከፈለጉበት ይጀምሩ። አልቸኩልም።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽም ጀመሩ። ስለ በልጉ ገብስ ተናገሩ፤ ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ እንዴት እንደተጫወተባቸው። ስለ በጎቹ ጠጉር ተናገሩ፤ በፋሲካ ሳምንት እንዳልሠሩ፣ ከበዓሉ በኋላ ግን የቀረውን ለማካካስ ጣታቸው እስኪላጥ እንደፈተሉ። ሰኔን አለፉት። ክረምቱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከዚያ እንዝርቱን ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ አላወረድኩትም» አሉ።

ሳሌም የአምናውን ቃል አነበበችላቸውና ጠየቀች። «የተለወጠው ሥራዎ ነው ወይስ አነጋገርዎ?»

«ሥራዬ ነው።»

ጻፈች። በአምስት ዓመት ውስጥ በወይዘሮ ወሰንየለሽ ስም ከተጻፈው ለውጥ ሁሉ እውነተኛው ይህ ብቻ ነበር።

«አመሰግናለሁ እማማ። አሁን ስለ ቤቱ ክዳን...»

«ቆይ። ሌላ የምትጠይቂኝ የለም?»

«ስለ ሥራ ያለው ይኸው ነው።»

«ለምን ተዉት አትይኝም?»

ሳሌም ታብሌቷን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው። «‹ለምን› የሚል ጥያቄ የለበትም እማማ።»

«በእግዚአብሔር! መተውን ትጠይቂያለሽ፣ ለምንን አትጠይቂም? ሰው እንዝርቱን የሚሰቅለው ያለ ምክንያት ነው?» ድምፃቸው የተቆጣ ይመስላል፤ እጃቸው ግን የቆሎውን ሰፌድ ወደ ልጅቱ ያስጠጋ ነበር። «እነዚያ አለቆችሽ ከርሞ ይጨምሩበት። አንቺ ግን ከርሞን አትጠብቂ። ያንን መስታወትሽን ወዲያ አስቀምጪና ዓይን ዓይኔን እያየሽ ‹ለምን ተዉት?› ብለሽ ጠይቂኝ።»